ቴሲስ፣ ፕሮጀክት ወይስ ንባብ?

የአካባቢ፣ የልማት ወይም የሥርዓተ ፆታ ጥናት የሚማር የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ኮርስ የሚወስደው ከብዙ ትምህርት ክፍሎች ነው። ኮርሶቹ ግን ጎን ለጎን ተቀመጡ እንጂ አልተዋሐዱም። የሚዋሐዱት ተማሪው የራሱን ጥያቄ አንሥቶ ለብቻው በሚሠራው ጥናት ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደው መንገድ ቴሲስ ነው፤ ፕሮፖዛል ይቀርባል፣ አማካሪ ይመደባል፣ መረጃ ይሰበሰባል፣ በመጨረሻም በፈታኞች ፊት ዲፌንስ አለ። ፕሮጀክት ደግሞ ለአንድ ተቋም ወይም ከተማ የሚያገለግል ተጨባጭ ሥራ ይጠይቃል። ሦስተኛው በሰሜን አሜሪካ የተለመደው የንባብ ጥናት ነው፤ ተማሪና መምህር በመጻሕፍት ዝርዝር ይስማሙና በሴሚስተሩ መጨረሻ ጽሑፍ ይቀርባል።

ርእሱ አንድ ሆኖ መንገዱ ሊለያይ ይችላል። የደሴን ፒያሳ እንውሰድ። ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቆዩ ቤቶች የትኞቹ ይጠበቁ ለሚል ጥያቄ የሚስማማው ፕሮጀክት ነው። ተማሪው ለእያንዳንዱ ቤት ቅጽ ይሞላል፦ ግድግዳው ድንጋይ ነው ጭቃ፣ ጣሪያው ምን ላይ ደርሷል፣ በምድር ቤቱ ምን ይነገድበታል፣ ባለቤቱ ማን ነው? የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች፤ ግን ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ወዳደረገው ወደ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትወስዳለች፤ አርክቴክት የሆነ ተማሪም ሕግ ማንበብ ይጀምራል። ጥያቄው «የቀበሌ ቤት ተከራይ ቤቱን ለምን ያድሳል፣ ለምንስ አያድስም?» ቢሆን ግን ሥራው ቴሲስ ነው።

ቦርከና ከዚህ ይከብዳል። ወንዙ ደሴን አቋርጦ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ እዚያም የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባባቸው ለዮሌና ወርቃ ይቀላቀሉታል፤ ከዚያ ወደ ጨፋ ረግረግ ያመራል። ኬሚስቱ ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣውን ክሮሚየም መለካት ይፈልጋል፣ የሕግ ባለሙያው የቁጥጥሩን ሁኔታ፣ የማኅበረሰብ አጥኚው በውኃው የሚያለማውንና ከብት የሚያጠጣውን ሰው። ሦስቱንም እኩል የሚሸከም ቴሲስ አብዛኛውን ጊዜ አያልቅም። አንዱ ጥያቄ ዋና ሆኖ ሌሎቹ ቢደግፉት ይሻላል፤ ለምሳሌ ገበሬው ስለ ውኃው ጥራት የሚያውቀውን የሚጠይቅ ተማሪ፣ የኬሚስትሪውን ልኬት ከታተሙ ጥናቶች ምንጭ ጠቅሶ መውሰድ ይችላል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ቤተ ሙከራም ሁልጊዜ አይገኝም። በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት የተዘረፈው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ይህን በሚገባ ያውቀዋል።

ያልታተመ ምንጭም ሊናቅ አይገባም። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት የቀደሙ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፎች ያኖራል፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ዛሬም ይጠቅሷቸዋል።

የዘርፈ ብዙ ጥናት ትልቁ አደጋ ግን አማካሪዎች ናቸው። አንዱ ቁጥር ይፈልጋል፣ ሌላው ረጅም ቃለ መጠይቅ፤ ፈታኙ ደግሞ ከሦስተኛ ሙያ ይመጣና «ናሙናው ለምን አነሰ?» ይላል። ሁለቱ አማካሪዎች ከመስክ ሥራው በፊት በአንድ ፕሮፖዛል ላይ ቢፈርሙ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

የቀን መቁጠሪያውም መንገድ ይወስናል። የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ጨፋ የሚወጡት በበጋ ነው። ፕሮፖዛሉ በግንቦት የጸደቀለት ተማሪ ክረምት ላይ ሲደርስ ብዙዎቹን አያገኛቸውም፤ እስከሚቀጥለው በጋ ይጠብቃል፣ ካልሆነም ጥያቄውን ዓመቱን ሙሉ እዚያው ወደሚኖሩት ገበሬዎች ያዞራል።