በአሮጌ ሽጉጥ አካል ላይ ስለሚገኙ የመሣሪያ ጭረቶች



ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘጌ ውስጥ አንድ አዛውንት ቤታቸው ጠርተውኝ በነጠላ የተጠቀለለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አሳዩኝ። ጣሊያኖች በ1889 እ.ኤ.አ. ለሠራዊታቸው የተቀበሉት፣ ጥይቱ 10.35 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ «ቦዴዮ» የሚባለው ዓይነት ነበር። «አያቴ ከአድዋ የማረኩት ነው» አሉኝ። ከውጭ እንደ መስተዋት ያበራል። የእጀታውን እንጨት ፈትተን ስናነሣ ግን በብረቱ ላይ በእኩል ርቀት የተሰለፉ ጭረቶች፣ ከጎናቸውም አንዲት ብቸኛ ፊደል ታየች። «ዶክተር፣ ይህ ምንድን ነው? ሰው ሁሉ ሐሰተኛ ነው ይለኛል» ሲሉ ጠየቁኝ።

እኔም ቸኩዬ «ምናልባት የመንደር አንጥረኛ የነካካው ይሆናል» አልኋቸው። ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ። ተሳስቼ ነበር፤ የዛሬው ንግግሬም ከዚያ ስሕተት የመጣ ነው።

የሪቮልቨር አካል፣ ማለትም ፍሬሙ፣ በግለት ተቀጥቅጦ ቅርጽ ከያዘ ብረት ይጀምርና በፍሬዛ ማሽን ይላጣል። መቁረጫው ይሽከረከራል፣ ብረቱ ወደ ፊት ይገፋል። እያንዳንዱ ጥርስ ጥልቀት የሌለው ጎድጓዳ ይተዋል፤ በሁለት ጎድጓዳዎች መካከል ትንሽ ሸንተረር ይቀራል። የሸንተረሩ ከፍታ በግምት የእርምጃው ስኩዌር ለመቁረጫው ሬዲየስ ስምንት እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ባለ አራት ጥርስ፣ ዲያሜትሩ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ መቁረጫ ውሰዱ። በየጥርሱ 0.25 ሚሊ ሜትር ቢራመድ ከፍታው 0.0003 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ዓይን አይለየውም። ነገር ግን አራቱ ጥርሶች ፍጹም እኩል ሆነው አያውቁም። አንዱ ከሌሎቹ ጥቂት ወጣ ካለ የመጨረሻውን ፊት የሚቀርጸው እርሱ ብቻ ይሆናል፤ እርምጃው 1 ሚሊ ሜትር፣ ከፍታውም 0.005 ሚሊ ሜትር፣ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። አዛውንቱን ያስጨነቃቸው ጭረት ይህ ነው።

ሞረድ ይህን እኩልነት ሊሰጥ አይችልም። በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት ትብብር በተመሠረተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተማሪ ሳለሁ በሞረድ ያስተካከልኋት አንዲት ቁራጭ ብረት ነበረችኝ፤ ሳምንት ሙሉ ደክሜባት ሁለት ጭረቶች እንኳ አልተመሳሰሉላትም። ያን እያወቅሁ «አንጥረኛ» ማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ብቸኛዋ ፊደልስ? እንዲህ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ የመርማሪ ወይም የገጣጣሚ ምልክቶች ናቸው። አጫጭር ቁጥሮችም ይገኛሉ፤ በእጅ የተገጣጠሙ ክፍሎች ለማጠንከርና ለቀለም ተለያይተው ሲሄዱ ኋላ እንዳይቀላቀሉ የሚመቱ ናቸው። በአንዳንድ የጦር መሣሪያዎች ላይ ደግሞ ታቹ ክብ የሆነ ትንሽ ስርጉድ ይታያል። ይህ የጥንካሬ መለኪያ ኳስ አሻራ ከሆነ ብሪኔል ዘዴውን ይፋ ያደረገው በ1900 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተመታ ሊሆን አይችልም።

ጭረቱ ከእንጨቱ ሥር ብቻ መገኘቱ አያስደንቅም። ማለስለስ ብዙ የሰው ሰዓት ይበላል፤ ፋብሪካ ዓይን የሚያርፍበትን ያለሰልሳል፣ የሚሸፈነውን ይተወዋል። ጭረቱ ከውጭም ጎልቶ ከታየ ነገሩ ሌላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሠሩት የሩሲያ ናጋንት ሽጉጦች በውጭ ገጻቸው ሳይቀር የመቁረጫውን ዱካ ይዘው ወጥተዋል፤ ግንባሩ ሽጉጥ እንጂ ውበት አልጠየቀም።

በሁለተኛው ጉብኝቴ አዛውንቱን ስለ ውጪው ብርሃን ጠየቅኋቸው። አንድ የእኅታቸው ልጅ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ «አሳምሮላቸው» ኖሯል። የአምራቹ ጽሑፍ አብሮ ሄዷል። በአሲድ ማውጣት ይቻል ነበር፤ ቴምብር ሲመታ ከፊቱ በታች ያለው ብረትም ስለሚታመቅ አሲዱ ያንን ለይቶ ይበላል። እኔ ግን የቀረውን ገጽ ላለማጥፋት ተውሁት። መስኮቱን ዘግተን የእጅ ባትሪ ከጎን አጋድመን አበራን። «1916» የሚል ጥላ ወጣ።

የአድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በእነርሱ አቆጣጠር 1896። ሽጉጡ የተሠራው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥድፊያ፣ ይህ ዓይነት ሽጉጥ ከብሬሻ አልፎ በስፔን ኤይባር ጭምር ይመረት በነበረበት ጊዜ ነው። ወደ ጎጃም የገባው በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ከወራሪው ጋር ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ስነግራቸው እንደገና የማሳዝናቸው መስሎኝ ነበር። ጥቂት ዝም አሉና፣ «እንግዲያስ የአያቴ ሳይሆን የአባቴ ነው። አርበኛ ነበሩ፤ ስለ ራሳቸው ግን ማውራት አይወዱም ነበር። የአያትህ ነው ያሉኝም እሳቸው ናቸው» አሉኝ።

በፍሬዛ፣ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት የሠራናቸው ሦስት የብረት ናሙናዎች ከፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ አሉ። መብራቱ ይጠፋል፤ ባትሪውን አጋድማችሁ እየያዛችሁ ተራ በተራ ቀርባችሁ ተመልከቱ።