የከረሪ ጦርነትና የጦርነት ጨዋታ በታሪክ ትምህርት

የታሪክ መምህር ስለ አንድ ጦርነት ሲያስተምር አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ዓመተ ምሕረቱን፣ የአዛዦቹን ስምና የሟቾቹን ቁጥር ነው። ተማሪው ይህን ሁሉ አጥንቶ «ተሸናፊው ወገን ለምን እንዲያ አደረገ?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን መልስ ያጥረዋል። ለዚህ ጉድለት መፍትሔ ከሚያመለክቱ ሥራዎች አንዱ የተጻፈው በጎረቤታችን በሱዳን ነው።

በሱዳን ጦር በመኮንንነት ያገለገሉት ዒስመት ሐሰን ዙልፎ «ከረሪ» የተባለውን የዐረብኛ መጽሐፋቸውን በ1973 እ.ኤ.አ. በካርቱም አሳተሙ። መጽሐፉ በ1980 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደን ላይ ታትሟል። ሌላው ሥራቸው በ1883 እ.ኤ.አ. የጄኔራል ሂክስ ጦር ስለ ተደመሰሰበት ስለ ሸይካን ጦርነት ነው።

ከረሪ ከካርቱም ማዶ፣ ከኦምዱርማን በስተሰሜን በናይል ዳር የሚገኝ ኮረብታማ ስፍራ ነው። ነሐሴ 28 ቀን 1890 ዓ.ም. በኪችነር የሚመራው ወደ 26,000 የሚጠጋ የእንግሊዝና የግብፅ ጦር፣ 50,000 ገደማ ከሚሆነው ከኸሊፋ አብዱላሂ ጦር ጋር እዚያ ገጠመ። ከቀኑ 6 ሰዓት ሳይሞላ ውጊያው አለቀ። ከኸሊፋው ወገን ከ10,000 በላይ ሰው ሲሞት፣ ከኪችነር ወገን የሞተው 50 እንኳ አልሞላም። የኸሊፋው ጦር እኛ «ደርቡሽ» የምንለው፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ዐፄ ዮሐንስ የወደቁበት ጦር ነው። ስለዚህ የእኛም ተማሪ የሚያውቀው በጠላትነቱ ብቻ ነው።

ስለ ከረሪ በዓለም የተሰራጨው ታሪክ ለረጅም ጊዜ የአሸናፊዎቹ ነበር። በውጊያው የተካፈለው ዊንስተን ቸርችል በ1899 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን አሳተመ። ራሱ የነበረበት የ21ኛው ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ግልቢያ ለውጤቱ እምብዛም ባይጠቅምም ከሁሉ ይልቅ ዝናን አገኘ። በዚህ ዓይነት አተራረክ ደርቡሾቹ ስም የሌላቸው፣ ወደ ጥይት የሚሮጡ ሰዎች ሆነው ይቀራሉ። ዙልፎ ግን አዛዦቹን በስማቸው፣ ጦሩን በየሰንደቁ ለይተው ያቀርባሉ፤ የጦሩም ዕቅድ ምን እንደ ነበረ ይመረምራሉ።

ዕቅድ ነበረ። ዑስማን አዝረቅና ኢብራሂም አልኸሊል በፊት ለፊት አጠቁ፤ ጦራቸው በመድፍና በመትረየስ አለቀ። ኸሊፋውና ወንድሙ ያዕቆብ ዋናውን ጦር ይዘው ከሱርጋም ተራራ ጀርባ ቆዩ። የኸሊፋው ልጅ ዑስማን ሸይኽ አልዲንና ዓሊ ወድ ሒሉ በሰሜን በከረሪ ኮረብቶች ተሰለፉ። ኪችነር አሸነፍኩ ብሎ ወደ ኦምዱርማን ሲንቀሳቀስ ኋላ የቀረው የማክዶናልድ ብርጌድ ከሁለት አቅጣጫ የሚጠቃበት አጋጣሚ ተፈጠረ። ይሁን እንጂ የሰሜኑ ጦር የግብፅን ፈረሰኛና የግመል ጦር ሲያሳድድ ርቆ ሄዶ ነበር። ያዕቆብ ብቻውን ገጥሞ ከተመታ በኋላ ደረሰ። ማክዶናልድም ፊቱን አዙሮ ሁለቱን በየተራ መለሰ። ከብርጌዱ አራት ሻለቆች ሦስቱ የሱዳን ወታደሮች እንደ ነበሩም ልብ ይሏል።

«ሁለቱ በአንድነት ቢደርሱስ?» የሚለው ጥያቄ የጦርነት ጨዋታ ሠሪዎች የሚነሡበት ጥያቄ ነው። የፕሩሺያው መኮንን ፎን ራይስቪትስ በ1824 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ጨዋታ ለመኮንኖች ማሠልጠኛ ሆኖ ነበር። በካርታ ላይ ቀይና ሰማያዊ ጠጠሮች ይሰለፋሉ፤ የተኩሱን ውጤት ዳይ ይወስናል፤ ተጫዋቾቹ የሚያውቁት ዳኛው የነገራቸውን ብቻ ነው።

ይህ ዘዴ ለክፍላችን በቀላሉ ይስማማል። መምህሩ በካርቶን ላይ ናይልን፣ ሱርጋምንና የከረሪን ኮረብቶች ይሥላል። አንዱ ቡድን ያዕቆብን፣ ሁለተኛው ሸይኽ አልዲንን፣ ሦስተኛው ማክዶናልድን ይወክላል። ቡድኖቹ እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም፤ ትእዛዝ በወረቀት ተጽፎ በመምህሩ እጅ ያልፋል፤ የሚደርሰውም ከአንድ ዙር በኋላ ነው። ተማሪዎቹ ሬዲዮ በሌለበት ሜዳ ሁለት ጦርን ማቀናጀት ምን ያህል እንደሚከብድ በራሳቸው ይረዱታል። ቀጥሎም ብርጌዱ ቢደመሰስ እንኳ መድፉና በናይል ላይ ያሉት የጦር ጀልባዎች እንደሚቀሩ ያያሉ። በዋዜማው ምክር ተነሥቶ የነበረው በሌሊት የማጥቃት ሐሳብ ይሻል እንደ ነበር ያኔ ይከራከሩ።

መምህሩ አንድ ነገር መጠንቀቅ አለበት፤ ጠጠር ሲነሣ ሰው መሞቱን ማስታወስ ይገባል። ጨዋታው ካበቃ በኋላ የሟቾቹ ቁጥር በሰሌዳ ላይ ይጻፍ።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በተቀሰቀሰው ጦርነት የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፏል። ቅርስ ሲጠፋ የአገሬው ሰው መርምሮ የጻፈው መጽሐፍ ዋጋው ይጨምራል። በየአካባቢያችን ስላለፉ ውጊያዎችም አረጋውያንን ጠይቆ፣ ሜዳውን ለክቶ የመጻፍ ሥራ መምህራንን ይጠብቃል።