ለፕሪንተር ኢንተርኔት አያስፈልግም

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ፕሪንተሩም አብሮ የሚቆም የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በንግግራችን ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ ሆነዋልና አይፈረድባቸውም። በሥራቸው ግን ይለያያሉ። ኢንተርኔት ከውጭ ወደ ቤት የሚገባው መሥመር ነው፤ ዋይፋይ ደግሞ ራውተሩን በቤት ውስጥ ካሉት ኮምፒውተሮች፣ ስልኮችና ፕሪንተር ጋር የሚያገናኘው ነው። የወሩ ክፍያ ቢዘገይ ወይም ከመንገድ ያለው ኬብል ቢበጠስ እንኳ ራውተሩ መብራት እስካለው ድረስ ላፕቶፑ ፕሪንተሩን ያገኘዋል። ለሚታተመው ገጽ ከዳታ ጥቅል የሚቀነስ ነገርም የለም። አንዳንድ አዳዲስ ፕሪንተሮች መጀመሪያ ሲገጠሙ በኢንተርኔት እንዲመዘገቡ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ከመግዛት በፊት ይህን መጠየቅ ይበጃል።

ኔትወርክና ፕሪንተር ቀድሞም የተያያዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ዛሬ የምናውቀው ኢንተርኔት ገና አልነበረም። ካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ግን ለእያንዳንዱ ተመራማሪ አልቶ የተባለ የግል ኮምፒውተር ለማዳረስ ታቅዶ ነበር። በዚያው ማዕከል ጋሪ ስታርክዌዘር በሴኮንድ አንድ ገጽ ያህል የሚያትም የሌዘር ፕሪንተር እየሠራ ነበር። ኮምፒውተሮቹ ብዙ ናቸው፤ ፕሪንተሩ ውድ ነውና ለሁሉም አይገዛም። ቦብ ሜትካፍ ሁሉንም በአንድ ኬብል የሚያገናኝ ዘዴ በዚያው ዓመት በማስታወሻ ጽፎ አቀረበ፤ ከዴቪድ ቦግስ ጋር ሆኖም ሠራው። ኢተርኔት ብለው የሰየሙት ይህ ዘዴ መጀመሪያ ላይ በሴኮንድ 2.94 ሜጋቢት ያሳልፍ ነበር። ዛሬም በየቢሮው ከግድግዳ የሚወጣው ኬብል የእሱ ዘር ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስና አንድ ገጽ ከላፕቶፕ ወደ ፕሪንተር እንዴት እንደሚደርስ እንይ። «ፕሪንት» የሚለውን ስንጫን ኮምፒውተሩ በድራይቨሩ አማካይነት ገጹን ፕሪንተሩ ወደሚረዳው ቋንቋ ይለውጠዋል። በብዙ ርካሽ ፕሪንተሮች ይህ ማለት ገጹን እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ወደ ነጥቦች መበተን ነው። አንድ የኤ4 ገጽ በኢንች 600 ነጥብ ሲታተም 35 ሚሊዮን ገደማ ነጥቦች ይወጡታል፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ ከሆነ፣ ሳይጨመቅ፣ ከ4 ሜጋባይት ትንሽ ይበልጣል። ይህ ሁሉ በትንንሽ እሽግ ተከፋፍሎ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩም ወደ ፕሪንተሩ ይሄዳል። ፕሪንተሩ የተላከለትን ነጥብ ወረቀት ላይ ያሳርፋል እንጂ ፊደሉ የአማርኛ ይሁን የእንግሊዝኛ አያውቅም።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ትልቁ ጥቅም ከዚህ ላይ ይመጣል። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ቆየት ያለ ፋይል በፍላሽ ተይዞ ፎንቱ ወደሌለበት ኮምፒውተር ሲሄድ የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ ይከፈታል፤ እነዚያ ፎንቶች ግዕዙን ያስቀመጡት በላቲኑ ኮድ ላይ ስለነበር ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ፕሪንተሩ በኔትወርክ ሲሆን ፋይሉ ከጸሐፊው ኮምፒውተር አይወጣም፤ ገጹን የሚያዘጋጀው ፎንቱ ያለበት ማሽን ራሱ ነው፤ ፕሪንተሩ ዘንድ የሚደርሰው የተዘጋጀው ገጽ ብቻ ነው። ፍላሹና አብሮት የሚዞረው ቫይረስም ይቀራሉ። እኔ ከዚህም አብልጬ የምቆጥረው አለ፦ የፓስፖርት ቅጂ፣ የሐኪም ማስረጃ ወይም የፍርድ ቤት ወረቀት በማናውቀው ሰው ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ፣ እዚያው ተረስቶ አይቀርም።

ብዙ ሰው የሚማረርበት ችግር አድራሻ ነው። ራውተሩ ለሚገናኘው ሁሉ የአይፒ አድራሻ ያድላል፤ በብዙ ቤት አድራሻው በ192.168 ይጀምራል። ይህ ክልል እ.ኤ.አ. በ1996 ለግል ኔትወርክ ብቻ ተለይቶ ስለተመደበ የእርስዎና የጎረቤትዎ ፕሪንተር አንድ ዓይነት ቁጥር ቢይዙ አይጋጩም። አድራሻው ግን እንደ ኪራይ ቤት ነው፤ ለጊዜው ይሰጣል፣ ጊዜው ሲያልቅም ለሌላ ሊተላለፍ ይችላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ፣ ስልኮቹና ፕሪንተሩ እኩል ይነሳሉ፤ ማን የትኛውን ቁጥር ይዞ እንደነበር የማያስታውስ ራውተርም ብዙ ነው። ትናንት 192.168.1.5 የነበረው ፕሪንተር ዛሬ 192.168.1.8 ሆኖ ያድራል፤ 5 ቁጥር ለአንዱ ስልክ ይደርሳል። ኮምፒውተሩ ግን በድሮው አድራሻ ይፈልገውና ሲያጣው «ኦፍላይን» ብሎ ይጽፋል። ያን ጊዜ ሰው ድራይቨሩን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፣ ባለሙያ ይጠራል፣ ገንዘብ ያወጣል። ፕሪንተሩ ምንም አልሆነም፤ የተለወጠው ቁጥሩ ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ቁጥሩን ለፕሪንተሩ ማጽናት ነው። እያንዳንዱ ፕሪንተር ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠው፣ 12 ፊደልና አኃዝ ያለው ማክ አድራሻ አለው። ፕሪንተሩ ስለ ራሱ በሚያትመው የኔትወርክ መግለጫ ገጽ ላይ ይህም፣ የአይፒ አድራሻውም ተጽፎ ይገኛል። ወደ ራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ገብቶ፣ ዲኤችሲፒ በሚለው ክፍል፣ ይህን ማክ አድራሻ ከአንድ የአይፒ ቁጥር ጋር ማሰር ነው። ከዚያ በኋላ መብራት አሥር ጊዜ ቢሄድ ቁጥሩ አይለወጥም። በመግለጫው ገጽ ላይ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ካዩ ግን ፕሪንተሩ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው፤ የይለፍ ቃሉን ወይም የሲግናሉን ርቀት ይመርምሩ። ብዙ ርካሽ ፕሪንተሮች በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ስለሚሠሩ የ5 ጊጋኸርዙን ጨርሶ አያዩትም።

አዳዲሶቹ ፕሪንተሮች ቁጥር ፍለጋውን ያቀላሉ። ስልኩ በኔትወርኩ ላሉት ሁሉ «ፕሪንተር አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ፕሪንተሩ ስሙንና አድራሻውን ይዞ ይመልሳል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ኤርፕሪንት በዚህ መንገድ የሚሠራ ነው፤ ድራይቨር መጫንም አያሻም።

ዋይፋይ የሌለውን፣ በዩኤስቢ ብቻ የሚሠራውን አሮጌ ፕሪንተር አይጣሉት። ከአንዱ ኮምፒውተር ጋር ይሰካና በዊንዶውስ የፕሪንተሩ ማስተካከያ ውስጥ ሼር ይደረጋል፤ ሌሎቹ በዚያ ኮምፒውተር በኩል ያትማሉ። ችግሩ ያ ኮምፒውተር ሁልጊዜ በርቶ መቆየት አለበት፤ ከተኛ ፕሪንተሩም የለም። ዊንዶውሱን ማደስም ግድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ፕሪንትናይትሜር የተባለው የደኅንነት ክፍተት የተገኘው የማተሚያ ሥራዎችን ወረፋ በሚያስይዘው የዊንዶውስ ክፍል ላይ ነበር።

ለእንግዳ የተለየ ዋይፋይ ካለዎት ፕሪንተሩን እዚያ ላይ አያስገቡት፤ ያ ዋይፋይ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃዎቹን እርስ በርስ እንዳይተያዩ ያደርጋል። ከውጭ ወደ ፕሪንተሩ የሚያስገባ ፖርት ራውተሩ ላይ መክፈት ደግሞ በምንም ምክንያት አያስፈልግም፦ ብዙ ፕሪንተሮች ሥራ የሚቀበሉበት 9100 የተባለው ፖርት የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ያገኘው ሁሉ፣ ከየትኛውም አገር ሆኖ፣ በእርስዎ ወረቀትና ቀለም ማተም ይችላል።