ክሮም ስለሚባለው ብረትና በከርሠ ምድር ውሃ ላይ ስላደረሰው ጕዳት

ሰው የሚጠጣውን ውሃ የሚመረምረው በዐይኑና በምላሱ ነው። ድፍርሱን ይጸየፋል፤ ከጕድጓድ የወጣውን ጥሩ ውሃ ግን ያለ ሥጋት ይጠጣል። በአሜሪካ አገር፤ በካሊፎርኒያ ግዛት፤ ሂንክሊ በምትባል የበረሓ መንደር የኾነው ነገር ይህ ምርመራ ብቻውን እንደማይበቃ ያስረዳል።

የሂንክሊ ሕዝብ የጕድጓድ ውሃ እየጠጣ፤ በዚያውም አልፋልፋ የሚባለውን የከብት መኖ እያለማ ይኖር ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1952 ዓመት ፓሲፊክ ጋዝና ኤሌክትሪክ የሚባለው ኩባንያ የተፈጥሮ ጋዝን በቧንቧ ወደ ሩቅ የሚገፋ ጣቢያ በአጠገቧ አቆመ። ጋዙ ሲታመቅ ይግላል፤ ማቀዝቀዣው ውሃም ብረቱን ያዝገዋል። ዝገቱን ለመከልከል በውሃው የክሮም ጨው ይጨመር ነበር። ሥራውን የፈጸመው ውሃ እስከ 1960ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ድረስ ወለሉ ምንም ባልተነጠፈበት ኩሬ ተደፋ፤ ወደ ምድርም ሰረገ።

ሊቃውንት ክሮምን ሦስተኛና ስድስተኛ ብለው ይለዩታል። ሦስተኛው በዐፈር ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ስድስተኛው ግን በውሃ ሟሙቶ ይጓዛል፤ በትንፋሽ ሲገባ የሳንባ ነቀርሳ ያመጣል፤ በመጠጥም ነቀርሳ ማምጣቱ በእንስሳት ተፈትኖ ታይቷል። ጥቂት ሲኾን ለውሃው ቀለምም ጣዕምም አይሰጠውም። በሂንክሊ የተደፋው ይኸኛው ነው።

ኩባንያው ነገሩን ለውሃ ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያስታወቀው በ1987 ዓመት ነው። በ1996 ዓመት ለከሳሾቹ 333 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ፤ ገንዘቡ ግን ውሃውን አላጠራውም። ብዙ ሰው ቤቱን ሸጦ ሄደ፤ በ2013 ዓመት የመንደሪቱ ትምህርት ቤት ተዘጋ።

ከመድኀኒቱ አንዱ የተገኘው ከእርሻው ነው፤ ይህንም ከጽሕፈት ቤት ሰው ይልቅ ገበሬ ቶሎ ይረዳዋል። የተበከለውን ውሃ ከምድር እየሳቡ የአልፋልፋ ማሳ ያጠጡበታል፤ በሥሩ ዙሪያ ያሉት ረቂቃን ሕዋሳትና የበሰበሰው ቅጠላ ቅጠል ስድስተኛውን ክሮም ወደ ሦስተኛው ይለውጡታል፤ እርሱም በዐፈሩ ይቀራል። ሥራው ግን የብዙ ዓመት ነው።

በእኛም አገር ክሮም እንግዳ አይደለም። የቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ የሚያለፉት በሦስተኛው ክሮም ጨው ነው፤ ቆዳው ያልጠጣው ከእጣቢው ጋር ይወጣል። የቆዳ ፋብሪካዎች በተተከሉባት በሞጆ ከተማ የሚያልፈው ወንዝ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል። ሦስተኛው ስለ ኾነ ግድ የለም የሚል ሹም ቢኖር፤ ተረፈ ቆዳው ሲቃጠል ወደ ስድስተኛው ሊለወጥ እንደሚችል ይወቅ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የወሰነው በሊትር 0.05 ሚሊግራም ጠቅላላ ክሮም ነው።

ስለዚህ ለፋብሪካ መሬት ከመሰጠቱ በፊት አገረ ገዢው የእጣቢው ኩሬ ወለል በምን እንደሚነጠፍ፤ በቍልቍለቱም ስንት ጕድጓድ እንዳለ ይጠይቅ። ከየጕድጓዱ ውሃ ተቀድቶ ይመርመር፤ ቍጥሩም በመዝገብ ይጻፍ። በሂንክሊ ይህ አስቀድሞ ስላልተደረገ፤ ከምድሩ በተፈጥሮ የሚገኘው ክሮም ስንት፤ ከኩሬው የመጣውስ ስንት እንደ ኾነ ለመለየት የምድር ጥናት ሊቃውንት ብዙ ዓመት ደከሙ።