ዕዳን የሚፈታው ሕግ ምኑን ይፈታል?

ጋዜጣ ገልጦ ከዜናው አስቀድሞ የሐራጁን ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው በከተማችን እየበዛ መምጣቱን፣ ከሚያነቡትም መካከል ገሚሱ ርካሽ ቤት ፈላጊ፣ ገሚሱ ግን የሚያውቀው ሰው ስም ወጥቶ እንደሆነ ለማየት የሚሠጋ መሆኑን፣ ቡና ቤት ተቀምጦ ወሬ ያዳመጠ ሁሉ ሳይታዘበው አይቀርም። የማስታወቂያው አጻጻፍ ደረቅ ነው፤ በአንደኛው ረድፍ የተበዳሪው ስም፣ በሁለተኛው የንብረት አስያዡ ስም፣ ቀጥሎ የካርታው ቁጥርና የይዞታው ስፋት፣ በመጨረሻም የሐራጁ መነሻ ዋጋና ተጫራቹ በሲፒኦ የሚያስይዘው ሩብ ይሰፍራል። ተበዳሪውና አስያዡ የተለያዩ ሰዎች በሆኑበት ረድፍ ላይ የአባታቸው ስም አንድ መሆኑን ያየ አንባቢ፣ ወንድም ለወንድሙ ቤቱን እንዳስያዘ ማንም ሳይነግረው ይረዳዋል።

በዚህ ሁሉ ሥጋት ላይ እንግዲህ ከባሕር ማዶ የመጣ ወሬ ይጨመርበታል፤ ይኸውም፦ «በአሜሪካ ሰው ዕዳ ሲበዛበት ዳኛ ፊት ቀርቦ ከሰርሁ ካለ ሁሉ ይሰረዝለታል፤ ለእኛስ እንዲህ ያለ ሕግ ስለ ምን አይወጣልንም?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ሲሆን ወሬው ግን የነገሩን ግማሽ ብቻ ይዟል፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ዋናው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የአሜሪካ የኪሳራ ሕግ ባለገንዘቡ በባለዕዳው ሰውነት፣ ማለት በነገ ድካሙና በነገ ደመወዙ ላይ የነበረውን ሥልጣን ያነሣል እንጂ፣ በመያዣው ንብረት ላይ ያለውን መብት አይነካም። በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ወገናችን 30 ሺህ ዶላር የመኪና ብድር ቀርቶበታል፣ መኪናው ግን ዛሬ ቢሸጥ ከ18 ሺህ አያልፍም፣ በክሬዲት ካርድና በሆስፒታል ሒሳብ ደግሞ 40 ሺህ ተደርቦበታል እንበል። ማመልከቻውን ለፍርድ ቤቱ ባስገባበት ቅጽበት ክሱም፣ የደመወዝ እገዳውም፣ የዕዳ ሰብሳቢዎች የስልክ ጭቅጭቅም በሕግ ይቆማል። በሕጉ ምዕራፍ 7 የሄደ እንደሆነ፣ የሚሾመው ባለአደራ ሕግ ከለላ ያልሰጠውን ንብረት ሸጦ ለባለገንዘቦች ያካፍላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚሸጥ ነገር አይገኝም፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ ያ 40 ሺህ ከትከሻው ይወርዳል።

መኪናውስ? መኪናው ከነመያዣው እንደ ተያዘ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1886 እንደ ወሰነው መያዣ ኪሳራን ተሻግሮ ያልፋል፤ ስለዚህም ሰውየው መኪናውን ሊያስቀር ቢፈልግ ወይ የመኪናውን የዛሬ ዋጋ 18 ሺህ በአንድ ጊዜ ከፍሎ ከመያዣ ያወጣዋል፣ ወይ ውሉን አድሶ ራሱን እንደገና ባለዕዳ ያደርጋል። ቢያስረክብ ግን በሽያጩ ያልተሸፈነውን 12 ሺህ ማንም ሊጠይቀው አይችልም፤ የሕጉ ምሕረት ያለው እዚህ ላይ ነው። ወሬኞች ምሕረቱን በንብረቱ ላይ ሲፈልጉት፣ ሕጉ ያኖረው ንብረቱ ተሽጦ ባለቀበት ቦታ ነው።

የዋሱም ነገር ከዚህ የማይለይ ነው። ለዚያ ሰው የሚስቱ ወንድም በብድሩ ላይ አብሮ ፈርሞለት ከነበረ፣ የባለዕዳው ነጻ መውጣት ዋሱን ነጻ አያወጣውም፤ እንዲያውም ባለገንዘቡ ፊቱን ወደ ዋሱ ያዞራል። ከ3 እስከ 5 ዓመት በሚከፈል ዕቅድ የሚሄደው ምዕራፍ 13 ዋሱንም በፍጆታ ዕዳ በኩል ለጊዜው ይጋርደዋል፤ ይህ ግርዶሽ ግን ዕቅዱ እስካለ ድረስ ነው። በዘመድና በማኅበር ተሳስቦ ለሚኖር ሕዝብ ይህች አንቀጽ ከሌሎቹ ሁሉ የከበደች መሆኗን ለመገመት ብዙ ጥበብ አያስፈልግም።

የዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ብዙ የባንክ ሰዎች ቢሣለቁበትም፣ ከዕዳ የሚገላግል ሕግ ከተበዳሪው ይልቅ አበዳሪውን ያርማል የሚል ነው። የተበዳሪውን ነገ መያዝ እንደማይቻል የሚያውቅ አበዳሪ፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሥራውን መመርመር ግድ ይሆንበታልና። በእኛ በጥንቱ ልማድ ባለዕዳና ባለገንዘብ በሰንሰለት ወይም በልብሳቸው ጫፍ ተቆራኝተው አብረው ይውሉ ነበር፤ እንዲህ ያለ መያዣ ያለው አበዳሪ ደግሞ ስለ ተበዳሪው አዝመራ የሚጠይቅበት ምክንያት አልነበረውም። «ምሕረት ካለ የሚያበድር ይጠፋል» የሚለው ተቃውሞ ጥንታዊ ነው፤ በየሰባት ዓመቱ ዕዳ እንዲተው ያዘዘው የኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15፣ የኅድገት ዓመት ቀረበ ብሎ ለድሃ ከማበደር የሚያፈገፍገውን ሰው በዚያው ቦታ ይገሥጸዋል። ችግሩ እንደሚመጣ አስቀድሞ ታይቶ ነበር፤ ትእዛዙ ግን አልቀረም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። ወደ ንብረቱ የሚወስደው መንገድ ፈጣን ነው፤ አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት መያዣውን እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። ዕዳው ከሰውየው የሚለይበት መንገድ ግን የለም። 6 ሚሊዮን ብር የተበደረ ሰው ቤቱ በሐራጅ 4 ሚሊዮን ቢያወጣ፣ የ2 ሚሊዮኑ ቀሪ ዕዳ ተበዳሪውንና «በአንድነትና በነጠላ» የፈረሙትን ዋሶች ይከተላል። የ1952ቱ የንግድ ሕግም ሆነ በቦታው የተተካው አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ስለ ኪሳራ በሰፊው ቢደነግጉም፣ የተጻፉት ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ነው፤ መምህሩ፣ ነርሷ፣ በወር ደመወዝ የሚተዳደረው ሁሉ ከደጃፉ ውጭ ቀርቷል።

ባለሥልጣኖች በዚህ ላይ የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው፤ የተበላሸ ብድር ብሔራዊ ባንክ ከሚጠብቀው 5 በመቶ በታች ስለሆነ ችግሩ ያን ያህል አይደለም ይሉናል። እኔ ይህን ቁጥር አላምነውም፤ ጊዜው ተራዝሞ፣ ያልተከፈለው ወለድ በዋናው ገንዘብ ላይ ተደምሮ፣ በአዲስ ውል የተጻፈ ብድር በመዝገብ ላይ ጤነኛ መስሎ ሲታይ፣ ተበዳሪው ግን በቤቱ እንቅልፍ እንዳጣ ነውና። የአሜሪካውም አኃዝ ከዚህ ፈተና አያመልጥም፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ሕጉ ከመጥበቁ አስቀድሞ ሰው ተሽቀዳድሞ ኪሳራ ያመለከተው ከ2 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ በማግሥቱ ዓመት ቁጥሩ ከ6 መቶ ሺህ ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ተገኘ። በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ባለዕዳ ከችግሩ ወጣ ብሎ የሚያምን ይመን፤ እኔ የማየው የጠበበ በር ነው።

ጉዳቱንም ቢሆን አልሰውርም፤ በምዕራፍ 7 የወጣ ሰው ኪሳራው በብድር ታሪኩ ላይ እስከ 10 ዓመት ይቆያል፤ የልጅ ቀለብ አይፈታም፤ የትምህርት ብድርም ከጥቂቶች በቀር እንደ ታሰረ ይኖራል፤ ንብረቱን በዘመድ ስም አዛውሮ የሚቀርብ አታላይም በየትም አገር አይታጣም።

ለእኛ እንዲህ ያለ ሕግ የሚያረቅ ሰው ቢነሣ ግን፣ ከባለዕዳው አስቀድሞ ስለ ዋሱ ይጻፍ እላለሁ፤ የአሜሪካው አንቀጽ እንዳለ ቢገለበጥ ተበዳሪው ነጻ ሲወጣ ወንድሙ በቦታው ይገባልና። ለዝምድና ብሎ ያለ ጥቅም የፈረመውን ዋስ ከብድሩ ተካፋይ ከሆነው ሸሪክ መለየት ያስፈልጋል፤ ይህም እንደሚባለው የማይቻል አይደለም፤ የብድሩ ገንዘብ በተለቀቀበት ቀን ወደ ማን ሒሳብ እንደ ገባ በባንኩ በራሱ መዝገብ ተጽፎ ይገኛልና።