የዋይፋዩ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

አሜሪካ የምትኖረው ልጄ ባለፈው ዓመት ሴት ልጅ ወለደች። ባለቤቴ ሄዳ ልታርሳት ትመኝ ነበር፤ ቪዛው ግን አልተሳካም። ስለዚህ የልጅ ልጃችንን ክርስትና በስልክ ልናይ ተቀጣጠርን። ሰማንያ ቀኗ እሁድ ላይ ዋለ። እዚያ ገና ጠዋት ነው፤ እኛ ዘንድ ከቀኑ 9 ሰዓት። ባለቤቴ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቡናውን አቅርባ፣ መነጽሯን ወልውላ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

ቄሱ ሕፃኗን ከእናቷ እጅ ሲቀበሉ አየን። ከዚያ ምስሉ ቀጥ አለ። ያቺ ትንሽ ክብ ምልክት ትዞራለች፣ ትዞራለች። ተመልሶ ሲመጣ ሕፃኗ በነጭ ተጠቅልላ እናቷ እቅፍ ውስጥ ሆና ታለቅሳለች። ጥምቀቱ አልፏል። ባለቤቴ ምንም አልተናገረችም። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሲኒዎቹን ማነሳሳት ጀመረች።

እኔ ግን ዝም አላልኩም። በየወሩ የምከፍለውን ገንዘብ እየቆጠርኩ መስመሩን ያስገባልንን ድርጅት ስወቅስ አመሸሁ። ጠዋት ደውዬ አቤቱታዬን አሰማሁ። ረቡዕ ዕለት አንድ ወጣት ቴክኒሻን መጣ።

“አባቴ፣ ራውተሩ የት ነው?” አለኝ። ወደ ቡፌው ወሰድኩት። ከብርጭቆዎቹ ጎን፣ አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል አልብሰነው ተቀምጧል። ልጁ በእጁ ዳሰሰውና “ይሄማ ትኩሳት ይዞታል” ብሎ ሳቀ። ላፕቶፑን በኬብል አገናኝቶ ለካ። የምንከፍልበት ፍጥነት አንድም ሳይጎድል ቤታችን ይደርሳል።

ቀጥሎ አንድ ገጽ ከፈተና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። “እዚህ ቤት ውስጥ ስንት ስልክና ኮምፒውተር አለ? ቴሌቪዥኑም ይቆጠር።” እኔና ባለቤቴ፣ ወንዱ ልጄ፣ ምራቴና የ13 ዓመቱ የልጅ ልጄ ነን የምንኖረው። ቆጠርኩና “ስምንት ቢሆን ነው” አልኩት።

“እዚህ ላይ የሚታየው 23 ነው” አለኝ።

የልጅ ልጄ ውሃ ልጠጣ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ።

ጥፋቱ የማን ነበር?

ማታ ከእራት በኋላ ጠራሁት። “ልጄ፣ ፓስወርዱን ለማን ሰጠህ?”

“ለአንድ ልጅ ብቻ ነው የሰጠሁት አባባ፤ የቤት ሥራ ሊሠራበት። እሱ ለወንድሙ ሰጠው።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያ ሌሎቹም ሲጠይቁኝ አሥር አሥር ብር ተቀበልኳቸው። ኳስ ገዛንበት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

አባቱ ሊቆጣ ከወንበሩ ተነሳ፤ በእጄ ምልክት መልሼ አስቀመጥኩት። ምክንያቱም ራውተሩ የተተከለ ዕለት የሆነው ትዝ አለኝ። የተከለው ሰው “የይለፍ ቃሉ ምን ይሁን?” ብሎ ሲጠይቀኝ “እኔ ይሄን ነገር አላውቀውም፣ ከልጁ ጋር ተነጋገሩ” ብዬ ወደ ደጅ ወጣሁ። ልጁ ያኔ 11 ዓመቱ ነበር። የግቢዬን በር ቁልፍ ለ11 ዓመት ልጅ ሰጥቼ አላውቅም፤ የዚህኛውን ግን ሰጥቻለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

በዚያች ምሽት ከልጁ ጋር ተስማማን። ቅዳሜ ቁጭ ብለን ራውተሩን እንደገና እናስተካክላለን፤ እሱ ያሳየኛል፣ የምጽፈውና የምነካው ግን እኔ ነኝ። ውድ አንባቢያን፣ በዚያ ቅዳሜ የተማርኩትን እንደ እኔ “አላውቀውም” ብሎ ወደ ደጅ ለወጣ ወላጅና አያት ሁሉ ላካፍል።

መጀመሪያ ቦታውን

ራውተር ማዕበሉን በአየር የሚልክ ዕቃ ስለሆነ መሸፈን አይወድም። ዳንቴሉ አየር ከልክሎ ያሞቀዋል። የቡፌው መስታወት ጀርባ ላይ የተቀባው ብረት ነክ ነገር ደግሞ ማዕበሉን ይመልሰዋል። ፍሪጅ፣ የብረት በርና ወፍራም የብሎኬት ግድግዳም እንዲሁ ያዳክሙታል። ስለዚህ ከቡፌው አውጥተን ሳሎኑና መኝታ ቤቶቹ በሚገናኙበት ኮሪደር ላይ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፋይበር የሚባለው ቀጭን ገመድ ውስጡ የመስታወት ክር ነው። ከታጠፈ ይሰበራል፤ በጥፍር ወይም በሚስማር ግድግዳ ላይ መቸንከርም አይገባም። የእኛ ገመድ ትርፍ ስለነበረው ደረሰልን። ባይደርስ ኖሮ ቴክኒሻን መጥራት ነበረብን።

መብራቶቹንም ማወቅ ይጠቅማል። በፋይበር ሳጥን ላይ “ፖን” የሚለው መብራት አረንጓዴ ሆኖ ሳይርገበገብ ከቆመ መስመሩ ደህና ነው። “ሎስ” የሚለው ቀይ ከበራ ግን ችግሩ ብዙ ጊዜ ከፋይበር መስመሩ ነው፤ የቤቱን ዕቃ መነካካት ትርፉ ድካም ነው።

ሁለት ቁልፎች አሉ

እኔ አንድ የይለፍ ቃል ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሁለት ነው። አንደኛው ስልካችንን ከዋይፋዩ ጋር የሚያገናኘው ነው፤ ይህ የግቢ በር ቁልፍ ነው በሉት። ሁለተኛው ወደ ራውተሩ ማስተካከያ ገጽ የሚያስገባው ነው፤ ይህ የካዝና ቁልፍ ነው። ሁለተኛው በሌላ ሰው እጅ ካለ የመጀመሪያውን ብንቀያይረው ዋጋ የለውም።

ወደ ማስተካከያው ገጽ መግባት የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም። ስልኩን ወይም ኮምፒውተሩን ከዋይፋዩ ጋር ካገናኙ በኋላ የኢንተርኔት መክፈቻው ላይ፣ የድረ ገጽ አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ የራውተሩን ቁጥር መጻፍ ነው። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ነው። ትክክለኛው ከሳጥኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ መግቢያው ስምና የይለፍ ቃልም በአብዛኛው እዚያው ተጽፏል። ማንም እንግዳ ሳጥኑን ገልብጦ ሊያነበው ይችላል ማለት ነው። መጀመሪያ የቀየርኩት እሱን ነው።

ቀጥሎ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ቀየርኩ። በስሙ ላይ የቤተሰብ ስምም የቤት ቁጥርም አለመጻፍ ይመረጣል። ለይለፍ ቃሉ የልጅ ስም፣ ስልክ ቁጥርና የትውልድ ዓመት አይሆኑም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። የልጅ ልጄ ጥሩ ዘዴ አሳየኝ። እንደ ሎሚ፣ ጃንጥላ፣ ቅዳሜ፣ ድንጋይ ያሉ የማይዛመዱ አራት ቃላትን በላቲን ፊደል አያይዞ መጻፍና ቁጥር መጨመር ነው። ለእኛ ለማስታወስ ቀላል፣ ለሌላው ለመገመት ከባድ ነው። እርግጥ ከዚህ ጽሑፍ ላይ እነዚህኑ አራት ቃላት እንዳትወስዱ!

የጥበቃ ዓይነት የሚለውን ሲጠይቅ “ደብሊው ፒ ኤ 2” ወይም አዲሱን “ደብሊው ፒ ኤ 3” ይምረጡ። “ደብሊው ኢ ፒ” የሚባለው አሮጌው ጥበቃ በቀላሉ ይሰበራል። “ደብሊው ፒ ኤስ” የተባለው በአንድ ጫና የሚያገናኝ አቋራጭም ቢዘጋ ይሻላል።

“አስቀምጥ” የሚለውን እንደነካሁ የሁላችንም ስልክ ተቋረጠ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ አዲሱን ቃል በየስልኩና በቴሌቪዥኑ ላይ እንደገና አስገባን። ዝርዝሩን ስንከፍተው ስምንት ብቻ ቀርቷል። አንድ በአንድ ማን ምን እንደሆነ ከመመርመር ይህ ይቀላል።

አንድ ነገር ግን ከመንካት ተቆጠቡ። ከሳጥኑ ጀርባ በመርፌ የሚጫን ቀዳዳ አለ። ጥቂት ሰከንድ ይዘው ከቆዩ ያስተካከሉትን ሁሉ ያጠፋል። በፋይበር ሳጥን ላይ ደግሞ መስመሩን የሚያስገባውን መረጃ ጭምር ሊያጠፋና ያለ ቴክኒሻን የማይመለስ ሊያደርገው ይችላል።

የፈረንጅና የሐበሻ ሰዓት

ሌላም ሐሳብ ነበረብን። ልጁ ሌሊት ድረስ እየተጫወተ ጠዋት ለትምህርት መነሳት እያቃተው ነበር። ራውተሩ ለአንድ ስልክ ብቻ የሰዓት ገደብ ማበጀት እንደሚችል ራሱ አሳየኝ። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዲዘጋ ተስማማንና 04:00 እና 12:00 ብዬ ጻፍኩ። እሱ እያየኝ ዝም አለ።

በማግስቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት አደረ፤ ጠዋት ግን ተቋረጠበት። ራውተሩ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ነዋ! የእኛ የምሽት 4 ሰዓት ለእሱ 22:00 ነው፤ የንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ 06:00። እኔ የዘጋሁት ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ያለውን ነበር። “ለምን አልነገርከኝም?” ብለው “የምነካው እኔ ነኝ ብለው ነበር እኮ” አለኝ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ይህን የምታደርጉ ሁሉ 6 ሰዓት መደመርና መቀነሱን አትርሱ፤ የራውተሩ የሰዓት ክልልም በምሥራቅ አፍሪካ አቆጣጠር መሞላቱን አረጋግጡ።

ለልጆች የማይገቡ ገጾችን በተመለከተም አንድ የሚረዳ ነገር አለ። ክላውድፍሌር የተባለው ድርጅት ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቤተሰብ የሚሆን ነፃ ማጣሪያ አቅርቧል። ራውተሩ ላይ “ዲ ኤን ኤስ” በሚለው ቦታ 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 ብሎ መሙላት ነው። ዲ ኤን ኤስ እንደ ስልክ ማውጫ ነው፤ ይህኛው ማውጫ የብልግና ገጾችን አድራሻ አይሰጥም። በአንዳንድ ሳጥን ላይ ቦታው ለደንበኛ አይከፈትም። ቢከፈትም በቪዲዮ መተግበሪያዎች ውስጥ ያለውን ሁሉ አያጣራም፤ ልጁ በሞባይል ዳታ ከገባ ደግሞ ጨርሶ አያገኘውም። ስለዚህ ከልጁ ጋር መነጋገርን የሚተካ ማጣሪያ የለም።

የሰርቪስ ቤቷ ልጅ

እሁድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ከኋላ ሰርቪስ ቤት የተከራየችው እናት ልጅ ናት፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ። “አባባ፣ ዋይፋዩ ተበላሸ እንዴ?” ብላ ጠየቀችኝ። የልጅ ልጄ አንገቱን ደፋ። እሷም አሥር ብር ከከፈሉት አንዷ ነበረች። የቤታችን ልጅ የቤታችንን ነገር ሸጦ፣ እኛ ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ በሩን ዘግተን እሷን ለፈተና በምትዘጋጅበት ጊዜ ጨለማ ውስጥ ጥለናታል።

አብዛኞቹ ራውተሮች ለእንግዳ የሚሆን ሌላ ዋይፋይ መክፈት ይችላሉ። ስሙም የይለፍ ቃሉም የተለየ ነው፤ በእሱ የገባ ሰው የቤቱን ኮምፒውተሮች አያይም። ለእሷ እሱን ከፈትንላት፣ ለጥናት ብቻ ብለን አስማማን። የልጅ ልጄም አሥር ብሯን ካጠራቀመው የበዓል ገንዘብ መለሰላት። የሌሎቹን ልጆች ደግሞ በየቤታቸው እየሄደ መለሰ፤ ሁለቱ አልቀበልም ብለውት ኳሱን በጋራ እንዲይዙት ተስማሙ።

በዚያው ቀን ማታ ልጃችን ደወለች። ባለቤቴ መነጽሯን አድርጋ ኮሪደሩ አጠገብ ወንበር አስቀርባ ጠበቀች። ሕፃኗ አርባ ደቂቃ ያህል ስትስቅ፣ ስታዛጋ፣ እጇን ስትበላ አየናት። ሁለት ጊዜ ምስሉ ትንሽ ደበዘዘ እንጂ አልቆመም። ክርስትናው ግን አለፈ፤ አይመለስም። አማቻችን የቀረጸው ቪዲዮ ተልኮልናል፤ ባለቤቴ አንድ ጊዜ ብቻ አየችውና “አብሮ እንደ መገኘት አይሆንም” አለች።

አሁን በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከልጅ ልጄ ጋር ቁጭ ብለን ዝርዝሩን እንቆጥራለን። የካዝናው ቁልፍ የተጻፈበት ወረቀት እኔ ዘንድ፣ ከቤቱ ካርታ ጋር ተቀምጧል። እናንተም ዛሬ ማታ ሳጥናችሁን ገልብጡና ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ጠይቁ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ቸር እንሰንብት።