መጀመሪያ ባለታሪኩ ይየው

እ.ኤ.አ. በ1967 ከካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ማዶ ባለችው ፎጎ ደሴት የሚኖሩ 5,000 ያህል ሰዎች አንድ ጥያቄ ተደቅኖባቸው ነበር፤ እንቆይ ወይስ እንልቀቅ? ኑሯቸው ኮድ በሚባለው ዓሣ ላይ የተመሠረተ ነው። ዓሣውን ግን ከሩቅ አገር የመጡ ግዙፍ መርከቦች እየጠረጉት ስለነበር የአገሬው ትናንሽ ጀልባዎች ባዶ መመለስ ጀመሩ። ብዙው ሰው በመንግሥት ድጎማ ያድር ነበር። የጆይ ስሞልውድ የክፍለ ሀገር መንግሥት ደግሞ በየጠረፉ የተበተኑ ትናንሽ መንደሮችን እያስለቀቀ ነዋሪዎቹን ሌላ ቦታ ያሰፍር ነበር። ከ1954 እስከ 1975 በዘለቀው በዚህ ሰፈራ ወደ 30,000 የሚጠጋ ሰው ቀዬውን ለቋል። ተራው የፎጎ የደረሰ ይመስል ነበር።

ደሴተኞቹ ተባብረው አቤት እንዳይሉ እርስ በርስ አይገናኙም። አሥር ገደማ የሚሆኑት መንደሮች በእምነት ተከፋፍለው ስለነበር የካቶሊኩ ልጅ ከአንግሊካኑ ልጅ ጋር አንድ ትምህርት ቤት አይማርም። ዓሣውን ለነጋዴ አስረክቦ በዱቤ ሸቀጥ መውሰድ ከአባት የወረሱት ልማድ ነበር። ችግሩ የሁሉም ሆኖ ሳለ እያንዳንዱ መንደር የራሱ ብቻ ይመስለዋል።

በሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍሉን ይመራ የነበረው ዶናልድ ስኖውደን ድህነትን የሚመለከተው ከተማ ተቀምጠው ከሚጻፉ ሪፖርቶች በተለየ ዓይን ነበር። ለእሱ ድሃ ማለት ኪሱ የጎደለ ብቻ ሳይሆን ወሬ የማይደርሰውና የእሱም ወሬ ለወሳኙ አካል የማይደርስለት ሰው ነው። ከካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ የመጣው ኮሊን ሎው ካሜራውን ይዞ ደሴቲቱ ላይ የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። ፍሬድ ኧርል የሚባል የዩኒቨርሲቲው የመስክ ሠራተኛ ሰዉን ቀድሞ ያውቀው ስለነበር በር የከፈተለት እሱ ነው። ካሜራው ብቻውን ቢሄድ ኖሮ ማን ያናግረው ነበር?

ሎው መጀመሪያ ያሰበው እንደ ማንኛውም ዘጋቢ ፊልም የአንዱን ንግግር ከሌላው እያፋጠጠ መቁረጥና መቀጠል ነበር። ይህ ግን ጎረቤትን ከጎረቤት ያቃቅራል። ስለዚህ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ጉዳይ አንድ አጭር ፊልም መሥራት ጀመረ፤ በመጨረሻ ፊልሞቹ ከ20 በላይ ሆኑ። ከእነዚህ አንዱ ቢሊ ክሬን ስለተባለ ዓሣ አጥማጅ ነው። ሰውየው ሥራ ፍለጋ ደሴቱን ለቆ ወደ ቶሮንቶ ሊሄድ ተነሥቷል። ለምን እንደሚሄድና መንግሥት ለዓሣ አጥማጁ ምን እንዳላደረገለት በራሱ አነጋገር ይናገራል። ተራኪ አይገባበትም፣ ባለሙያ ተጠርቶ አያብራራለትም።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ደንቡ ነው። የተቀረጸውን መጀመሪያ የሚያየው ባለታሪኩ ሲሆን ያልወደደውን የማስወጣት መብት አለው። ከፈቀደ በኋላ ፊልሙ በሌሎች መንደሮች ይታያል፣ ከደሴቱ ውጭ እንዲወጣም እንደገና ፈቃድ ይጠየቃል። ለፊልም ሠሪ ይህ መራራ ነው፤ ምርጥ የሚለው ትዕይንት በአንድ ሽማግሌ «ተው» ሊቀርበት ይችላል። ሎው ግን ተቀበለው።

ትርኢቱ ሲያበቃ ውይይት ይከተላል። ጎረቤት መንደር ምን እንዳለ በጆሮው ሰምቶ የማያውቅ ሰው የራሱን ብሶት ከሌላው አፍ ሰማ። ፊልሞቹ ለክፍለ ሀገሩ ሚኒስትሮች ታዩ፤ የዓሣ ሀብት ሚኒስትሩም በካሜራ ፊት ተቀምጦ መልስ ሰጠ፣ መልሱም ወደ ደሴቱ ተመልሶ ታየ። ለእኔ የፎጎ ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው። ባለሥልጣን ስሞታ መስማት አያቅተውም፤ የሚከብደው ስሙንና ፊቱን አሳይቶ መመለስ ነው።

ደሴተኞቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው የዓሣውን ሥራ በእጃቸው አስገቡ፤ ሰፈራውም ቀረላቸው። ሁሉንም ፊልም አመጣው ማለት ግን ማጋነን ነው፤ የደሴቱ የልማት ኮሚቴ ከካሜራው በፊት ነበር።

ለባለታሪኩ ቀድሞ የማሳየት ደንብ ባልነበረበት ግን ሌላ ሆነ፤ ያው የፊልም ቦርድ ሞንትሪያል ውስጥ የአንድ ድሃ ቤተሰብን ኑሮ ቀርጾ ነበር። ፊልሙ በዚያው በ1967 ለቤተሰቡ ቀድሞ ሳይታይ በቴሌቪዥን ተላለፈ። ተመልካቹ በሐዘኔታ ሲመለከት ጎረቤቶቹ ቤተሰቡን መሳቂያ አደረጉት። ሠሪዎቹ ክፉ አላሰቡም ነበር፤ ድህነትን ለማጋለጥ ብለው ድሃውን አጋለጡት።

በእኛም አገር ቪዲዮ ለመንደር ውይይት ውሏል። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ ገበሬው በቋንቋው ጤፍ በመስመር ሲዘራ እየተቀረጸ፣ በባትሪ በምትሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ለጎረቤቶቹ እንዲታይ አድርጓል። የልማት ሠራተኛው እያቆመ ያወያያል። ጥሩ ሥራ ነው፤ የታለመው ግን ለምርት እንጂ ለአቤቱታ አይደለም። ፊልሙ ወደ ገበሬው ይወርዳል፤ ገበሬው ተቀርጾ ወደ ላይ የሚወጣበት፣ ኃላፊውም ተቀርጾ የሚመልስበት መንገድ ገና አልተለመደም።

በስልካችን የሞላው ደግሞ ሌላ ነው። የታመመ አባት፣ ከቤቷ የተባረረች እናት፣ ስልክ ተደቅኖባቸው ያለቅሳሉ፤ ከሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ። ብዙ ሕይወት መትረፉን አልክድም። ሆኖም ያች እናት ቪዲዮውን ከመለቀቁ በፊት አየችው ወይ? ልጆቿ ነገ ትምህርት ቤት ምን ይባላሉ? ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላስ ያባረራት ማን እንደሆነ፣ የትኛው የቀበሌ ሹም ምን እንደመለሰ የሚጠይቅ አለ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል።

ወደ ፎጎ ስንመለስ፣ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1992 ኮድ ማጥመድን አገደች፤ የፎጎ ማኅበር ግን ወደ ሸርጣንና ሽሪምፕ ዞሮ እስካሁን ይሠራል። የደሴቱ ሕዝብ ከ2,000 ብዙም አይዘልም።

እናንተ ስልክ ይዛችሁ ወደ ሰው ደጅ የምትሄዱ ወጣቶች ሆይ፣ የቀረጻችሁትን ከመልቀቃችሁ በፊት ለባለታሪኩ አሳዩት። ይህ ይቅር ያለውን ቁረጡለት። ከዚያም የሚመለከተውን ኃላፊ ፈልጋችሁ መልሱን ቅረጹ፤ አልመልስም ካለም ያንኑ ተናገሩ።